«ምክንያት» የሚለው መስመር

ነሐሴ ነው። አፉላ ላይ አስፋልቱ ይፋጃል፣
እኔ ቅጽ ይዤ አስባለሁ፦ የትኛው ይበጃል?
ትምህርት ቤቱ ጭር ብሏል፣ ወንበር ተደራርቦ፣
አምስት ምርጫ ይጠብቀኛል ኮምፒውተሬን ከቦ።
«አንዱን ብቻ ምረጪ» ብላለች ኦርና፣ ርዕሰ መምህርቷ፣
የቀረው አይገዛም፣ ትንሽ ናት በጀቷ።
ቅጹ ሦስት መስመር ነው፦ የመምህሯ ስም፣ የመሣሪያው ስም፣ ምክንያት።
የኔን ስም ጽፌያለሁ።
ሌላው ገና ባዶ ነው።

ትናንት ሻጩ መጥቶ ነበር፣ ጊልዓድ የሚሉት፣
ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሳቁ የማያልቅበት።
«እይው» አለኝ፣ «ተማሪው ሁለት ቃል ሲጀምር
ቀሪውን ይጨርስለታል፣ ያለ አንዳች ችግር።»
አየሁት፣ አልዋሸም፤ ሐሳቤን ሳልጨርስ
መልሱ ቀድሞኝ ሄደ እንደሚጋልብ ፈረስ።
ሲያጎርሱት የኖረ ልጅ ማኘክ መቼ ይማራል?
ብዬ ልጠይቀው ስል ስልኩ ይጠራል።

ሁለተኛው፣ ዕብራይስጥ ሲገባበት፣ ይገለበጣል፣
ቅንፉ ፊቱን ያዞራል፣ መጨረሻው ቀድሞ ይመጣል።
ሦስተኛው፣ ኢንተርኔት ካልፈጠነ፣ አይነሣም።
አራተኛው ያምራል። ይዘፍናል። ኮከብ ይበትናል።
ልጆቹ ኮከቡን ቆጥረው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

አምና አቪሻይ ነበረ፣ የአቶ ታከለ ልጅ፣
ከኋላ የሚቀመጥ፣ የዝምታ ወዳጅ።
ማቆሚያ የሌለው ዙር ጻፈ አንድ ቀን ጠዋት፣
ስክሪኑ ሞላ በአንድ ቁጥር፣ በሰባት፣
ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ እንደ በረዶ እየወረደ፣
ክፍሉ በሳቅ አበደ።
እሱ ግን አልሳቀም። ማሽኑን አጠፋና
ባለ ካሬ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣና
እያንዳንዱን መስመር በእርሳስ ሄደበት፣
በጣቱ እየቆጠረ፣ እያንሾካሾከበት።
ደወሉ ተደወለ። ማንም አልጠበቀው።
«አንድ መደመር ረስቼ!» አለ። ስሕተቱን ያወቀው
እሱ ነው። እኔ አይደለሁም። ማሽኑም አይደለም።
ያንን ፊት የሚሸጥ ድርጅት እስካሁን የለም።

ስለዚህ ቸኮልኩ። «እርሳስና ደብተር፣
ሌላው ጌጥ ነው» አልኩኝ፣ ልቤም ኮርቶ ነበር።
ስልክ ክፍል አይግባ ብዬ ሕግ አወጣሁ፣
መሰብሰቢያ የሚሆን ካርቶን ከሱቅ አመጣሁ።
ማዕያን እስክትነግረኝ፦

«ቤት ኮምፒውተር የለንም፤ የእናቴ ስልክ አለ፣
መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር በስንጥቅ የተከፈለ።
እሱ ላይ ነው የምጽፈው፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣
አንድ እጄ ብረት ይዞ፣ ቦርሳ ተሸክሜ።
ስንጥቁን አንዳንዴ ነጠላ ሰረዝ እያልኩ
ስሕተት የሌለበትን ስንት ጊዜ አረምኩ!»

ካርቶኑን አጣጥፌ ከቁም ሳጥን ጀርባ ሸጎጥኩት።

እናቷም መጣች፣ በወላጆች ምሽት፣
ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ስልኳን የምታውስ ሴት።
ዕብራይስጥ ዓይኗን ያደክማታል፣ ከቀኝ ነው የሚነሣ፤
ሰሌዳው ላይ ኮድ አይታ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣
«ይሄስ ከግራ ነው የሚሄድ? እንደኛው ፊደል?»
«አዎ» አልኳት።
ትርጉሙን አላወቀችም፤ መንገዱን ግን አወቀች፣
ከልጇ ደብተር አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አሁን መሽቷል። የቀረኝ አምስተኛው ነው፣
ሻጭ የሌለው፣ ዋጋው ዜሮ፣ መልኩም ደብዛዛ የሆነው።
በስልክ ይሠራል፣ በተሰነጠቀም።
አንድ መስመር ይራመዳል፣ ይቆማል፤
ቁጥሩ በሳጥኑ ውስጥ ሲለወጥ ያሳያል።
ልጁ ሲሳሳት ቦታውን ይጠቁማል፣
ማረሚያውን ግን አይናገርም።
ያንን ዝምታውን ወደድኩለት።
በተረፈው ገንዘብ ባለ ካሬ ደብተር፣
ቤት የሚወሰድ ላፕቶፕም፣ ሁለት ቢደርስ።

ስሙን ጻፍኩ። «ምክንያት» ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ሰባት፣ ሰባት ልበል? ስንጥቅ ልበል? የእናት ወንበር?
መስመሩ አጭር ነው፣ አንድ ቃል ይይዛል።
ጻፍኩ፦ «ይጠብቃል።»

ነገ ኦርና አንብባ
«ማንን?» ማለቷ አይቀርም።